የሸማኔው ነጭ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4

እስከ ጥምቀት ድረስ ሽሮ ሜዳ ውስጥ አንድ የሸማኔ ቤት ላነሳ ነው። ሃያ ፎቶ ይበቃኛል፤ ሃያውም ግን ከአንድ እጅ የወጡ መምሰል አለባቸው። ካሜራዬ ኒኮን ዲ5300 ነው፤ ሌንሴም አብሮት የመጣው ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር ዙም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ፣ ሲበዛ አቅርቦ ያሳያል።

ትናንት ለሙከራ ገብቼ ነበር። ቤቱ ሦስት ሜትር በአራት ቢሆን ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩና ከጣሪያው ቆርቆሮ መሃል በገባች አንዲት ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ በኩል ብቻ ነው። ሸማኔው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው፣ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው መርገጫውን ይረግጣሉ፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ሌንሱን ወደ 55 ሳወጣው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አይ ኤስ ኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 አድርሼ እንኳ የሸተሩ (የመዝጊያው) ፍጥነት ከ1/60 ሰከንድ አላለፈም። መወርወሪያው የተጎተተ ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ፤ የጋሼ ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁ። 5.6ን ለ1.8 አካፍዬ ውጤቱን በራሱ ሳባዛው አሥር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ቋሚ ሌንስ ከያዝኩት ሌንስ አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት ሸተሩን 1/250 አድርጌ አይ ኤስ ኦውን ወደ 2500 አካባቢ ማውረድ እችላለሁ። ይህ ልዩነት ለእኔ ሥራውን መሥራትና አለመሥራት ነው።

ፍላሽ አልጠቀምም። አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ ድሩ ላይ ያለው ጥላ በሙሉ ጠፋ። ክር ከክር የሚለየው በዚያ ጥላ ነበር። ጋሼም ሥራቸውን አቁመው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ክር የሚቆጥር ሰው ዓይን ላይ መብረቅ መልቀቅ ነውር ነው።

ጥቅምት 11

የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ እንዲያመጣልኝ ያዘዝኩት ሌንስ ደረሰ። 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8። "መጀመሪያ 50 ግዢ" የማይለኝ ፎቶ አንሺ የለም፤ እኔም ዋጋው ዝቅ ያለውን መርጬ ያንን አዘዝኩ። ቀላል ነው፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ካሜራዬ ላይ ገጠምኩት፤ በራሱ አያተኩርም።

ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዲ የሚል ፊደል ያለባቸው አብዛኞቹ የኒኮን አሮጌ ሌንሶች በውስጣቸው ሞተር የላቸውም፤ የሚያዞራቸው ካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። እንደ ዲ7000 ያሉት ካሜራዎች ሞተሩ አላቸው፤ የእኔ ግን የለውም። ለእኔ የሚሆነው ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የተጻፈበት ነበር። ሌላም ነገር ተማርኩ፦ ሌንሱ ላይ ያለው የቀዳዳ ቀለበት 22 ላይ ካልተቆለፈ ካሜራው "ኤፍ ኢ ኢ" የሚል ምልክት ያወጣና አላነሳም ይላል። እንደ እኔ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው እነዚህን ፊደላት ሳያይ ገንዘቡን እንዳይከፍል እለምናለሁ።

ሌንሱን አልመልሰውም። በእጄ እያዞርኩ እሠራበታለሁ።

ጥቅምት 21

ስምንት ቀን በእጅ እያተኮርኩ ሠራሁ። በመመልከቻው ውስጥ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ስትበራ ትኩረቱ ገብቷል ማለት ነው፤ ነገር ግን ነጥቧ እስክትበራ መወርወሪያው ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። በአራተኛው ቀን ነው የገባኝ፦ የሸማኔ እጅ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል። ጨርቁ በሚያድግበት ጠርዝ ላይ ትኩረቱን አስተካክዬ እተወዋለሁ፤ ከዚያ እጁ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ድምፁን ማዳመጥ ይረዳል፦ መርገጫው ይጮኻል፣ መወርወሪያው ያልፋል፣ ከዚያ ማጉ ይመታል። ከመምታቱ ጥቂት ቀደም ብዬ ከተጫንኩ እጁም ክሩም ጥርት ብለው ይወጣሉ። በራሱ የሚያተኩር ሌንስ ይዤ ብጀምር ኖሮ ይህን ምት አልሰማውም ነበር።

ችግሩ ርቀቱ ነው። የካሜራዬ ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ገጽ፣ 23.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ 50ው የሚያሳየኝ ሰባ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እንኳ የማገኘው ቁራጭ ነው፦ አንድ እጅ፣ አንድ ጆሮ፣ ጥቂት ክር። ፎቶዎቹ አያስከፉም። ነገር ግን በአንዳቸውም ውስጥ ቤቱ የለም፤ ጉድጓዱ የለም፤ በሩ አጠገብ እንዝርት ይዘው የሚፈትሉት ባለቤታቸው፣ እማማ፣ የሉም።

ጥቅምት 24

የሰው ምክር ሰምቼ አንዴ ተሳስቻለሁ፤ አሁን ከመግዛቴ በፊት እለካለሁ። 18-55ቱን አውጥቼ የዙም ቀለበቱን በፕላስተር አሰርኩት፤ ሦስት ቀን 24 ላይ፣ ሦስት ቀን 35 ላይ። ፎቶው በጨለማው ምክንያት ቢበላሽም ግድ የለኝም። ማወቅ የምፈልገው የት እንደምቀመጥ ነው።

ኅዳር 1

በ24 ቤቱ በሙሉ ይገባል። ነገር ግን የጋሼን ፊት በሚገባው መጠን ለማግኘት ስድሳ ሴንቲ ሜትር ድረስ መቅረብ አለብኝ፤ ያን ጊዜ ክንዳቸው ሲዘረጋ ይነካኛል። ለሌንሱ የቀረበው እጅ ደግሞ ከፊታቸው ገዝፎ ይወጣል። ለሥራ የኖረ እጅ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ግን ሌንሱ የፈጠረው ትልቅነት ነው።

በ35 ጋሼ የሰጡኝን ዱካ ከጉድጓዱ ጫፍ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጬ ከእሳቸው ዓይን ጋር እኩል እሆናለሁ። በአንድ ሜትር ተኩል ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያህል ያሳያል፤ እጅ፣ ፊትና የጨርቁ ጠርዝ በአንድ ላይ ይገባሉ። ከዚያ ርቀት ላይ ድምፃችንን ሳናነሳ እናወራለን። በሁለተኛው ቀን ጋሼ ስለ ልጆቻቸው ያጫውቱኝ ጀመር፤ በ50ው ጊዜ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አንድም ቀን እንዲህ አውርተን አናውቅም።

"50 ግዢ" የሚለው ምክር ከየት እንደመጣም አሁን ተረዳሁ። የፊልም ካሜራ አንድ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰያፍ ሲለካ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 50 ከዚህ ልክ ብዙ ስለማይርቅ ለዓይን የተለመደ እይታ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ዘመኑን ሙሉ ማለት ይቻላል የሠራው በላይካ ካሜራና በ50 ሌንስ ነው። የእኔ ሴንሰር ግን ከዚያ ያንሳል፤ የሌንሱን ቁጥር በ1.5 ማባዛት ያስፈልጋል። የእኔ 50 እንደ 75 ያያል፤ የእኔ 35 ደግሞ እንደ 52። መካሪዎቼ ያሉኝን እይታ የምፈልግ ከሆነ 35 ልገዛ ይገባኝ ነበር። ምክሩ ልክ ነው፤ የየትኛው ካሜራ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ኅዳር 3

35 ኤፍ 1.8 ኤኤፍ-ኤስ፣ ያገለገለ፣ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከኋላ ወደ ፊት በመስታወቱ ውስጥ አየሁ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን በእርጥብ ቤት ያሳለፈ ሌንስ ላይ ይበዛል። አልነበረም። የቀዳዳውን ምላጮች ከኋላ ባለችው ትንሽ ዘንግ ከፍቼ ዘጋሁ፤ ዘይት የላቸውም፣ አይጣበቁም። ከዚያ ሦስት የክብሪት ሳጥኖች በሰያፍ ደርድሬ በኤፍ 1.8 መካከለኛው ላይ አተኮርኩ፤ ጥርት ብሎ የወጣውም መካከለኛው ነው። ባለ ሱቁ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር።

ሁለት መቶ ግራም ነው። እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቀርቦ ያተኩራል፤ ለጥለት ይህ ትልቅ ነገር ነው። 50ው በአርባ አምስት ላይ ይቆማል።

ኅዳር 6

የመጀመሪያው ቀን በ35 ደስ ብሎኝ ሁሉንም በኤፍ 1.8 አነሳሁ። አብዛኛው አይሆንም። በአንድ ሜትር ርቀት ላይ በዚህ ቀዳዳ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጃቸው ጥርት ካለ ፊታቸው ይደበዝዛል፤ ፊታቸው ጥርት ካለ ክሩ ወተት ይሆናል። ጀርባው እንዲደበዝዝ ብዬ የምሠራው ሥራ አይደለም፤ እጅና ዓይን አብረው ሲሠሩ ማሳየት ነው የምፈልገው። ከእንግዲህ ኤፍ 2.8 ነው መነሻዬ፤ ጠዋት ብርሃኑ ሲበረታ ኤፍ 4። 1.8ን የምጠቀመው አንድ ነገር ብቻ ሳነሳ ነው።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከመታው የኅዳር በሽታ ጀምሮ ሰው በዚህ ቀን ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል። ጠዋት ስደርስ መንደሩ በጭስ ተሸፍኗል። ጋሼ በሩን ሊዘጉ ሲነሱ ለአንድ አፍታ እንዲተዉት ለመንኳቸው። ጭሱ ገባ፤ ከጣሪያዋ ፕላስቲክ የሚወርደው ብርሃን ቅርጽ ያዘ፤ እንደ ምሰሶ ድሩ ላይ ቆመ። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ዘጠኝ ፎቶ አነሳሁ፣ እማማ ሳሉ፣ በሩን ዘጋን።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ጭሱን የሚያጠፋውን መሣሪያ ነካ አድርጌ መለስኩት። ማሽኑ እንደ ጉድለት የሚያየው ጭስ የዕለቱ ታሪክ ነው።

ኅዳር 25

ስለ ነጭ መጻፍ አለብኝ።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ የመጣውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ድሩ ሙሉውን ፍሬም ሲሞላው ካሜራው "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩ ሸማ የታጠበበት ውኃ ይመስላል፤ አብሮ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ ስቶፕ እጨምራለሁ፣ ብርሃኑን እጥፍ አደርጋለሁ ማለት ነው፤ አንዳንዴ አንድ ከሲሶ። ከዚያ በላይ ከሄድኩ የጨርቁ ጠርዝ ይቃጠልና የክሩ መስመር ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ በኋላ አይመለስም። በአንድ ብርሃን ሥር ያለ ነጭ ጥጥና ጠይም ቆዳ መካከል ሦስት ስቶፕ ያህል ልዩነት አለ። የማነሳው በሮው፣ ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ነው፤ ስለዚህ ነጩ እንዳይቃጠል እጠነቀቃለሁ፤ የፊቱን ብርሃን ኮምፒውተር ላይ ከፍ አደርገዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ካሜራው ላይ መሠዋት ግድ ከሆነ ጥላው ይሁን።

ታኅሣሥ 2

ከሺህ መቶ ፎቶ መቶ አርባ ቀረኝ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ማስተካከል ጀመርኩ። በቴሌግራም ሲሰራጭ ያገኘሁት አንድ ፕሪሴት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ፣ አለ፤ ጥላውን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ቆዳውን ወደ ብርቱካን የሚወስድ፣ ፊልም ቤት ውስጥ እንዳለህ የሚያስመስል። በአንድ ጠቅታ መቶ አርባው ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ መሰለ። ደስ አለኝ። አራቱን አሳትሜ ነገ ለጋሼ እወስዳለሁ።

ታኅሣሥ 3

ጋሼ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ከዚያ ገና ከመጠቅለያው ያልወረደውን ጨርቅ ጠርዝ አንስተው አጠገቡ ያዙት። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

"ይህ የማን ሥራ ነው?"

"የእርስዎ ነው ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ያነሳሁት።"

"የኔ ጥለት አይደለም ልጄ። ይህን አረንጓዴ ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ባለቤቷ ለሰርጓ ያዘዘችው የለጋ ሣር ቀለም ነው። አንቺ የኩሬ ውኃ አደረግሽው።"

እውነታቸውን ነው። ፕሪሴቱ ሰማያዊውን ሲጎትት አረንጓዴውንም አብሮ ጎትቶታል፤ ቢጫውን ብርቱካን አድርጎታል። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። በታክሲ ውስጥ ሳስበው ሆዴ ባባ። የሰውየው ሥራ ቀለም መምረጥ ነው፤ እኔ ሥራቸውን ላሳይ ገብቼ ሥራቸውን አጠፋሁባቸው።

ታኅሣሥ 4

ፕሪሴቱን ከሁሉም ላይ አነሳሁ። ከዜሮ።

የራሴ የምለው መልክ ይኑረኝ ብዬ ለሦስት ዓመት የሰው ቀለም ስለካ ኖሬያለሁ። ዛሬ በሌላ በኩል ልጀምር ብዬ ወረቀት አወጣሁ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ምን ነገር ቢለወጥ ውሸት ይሆናል? ጥለቱ። የጥጡ ነጭ። የሰዎቹ ቆዳ። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጨለማ። እነዚህን ካልነካሁ የሚቀረኝ ምንድን ነው? ንፅፅሩ፣ የጥላው ልስላሴ፣ ዓይን መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ። መልኬ ከዚህ ውስጥ መውጣት አለበት።

የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ደግሜ አየሁ። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው እሷ ናት። ቀዩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው ገና ካሜራው ሳይከፈት በልብሱ፣ በጀርባውና በሰዎቹ ገላ ላይ የተቀባ ነው። ድምቀቱን ወስኖ የሠራው ራሷ ናት። በእኔ ሥራ ውስጥ ቀለሙን የወሰነው ሌላ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን የከተተ ሰው። ከእሷ የምወስደው ቀለሟን ሳይሆን ውሳኔው ከካሜራው በፊት መሆኑን ነው።

ታኅሣሥ 8

የነጭ ሚዛን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን ጠብታ መሰል መሣሪያ ጥጡ ላይ ጫንኩ፤ ነጭ ነው ብዬ። ሁሉም ነገር ቀዘቀዘ፤ ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ መሰለ። ምክንያቱን እማማ ነገሩኝ፤ እሳቸው ስለ ካሜራ ሳይሆን ስለ ፈትል ነው የነገሩኝ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ደማቅ ነጭ። ማጉን ግን እሳቸው በእንዝርት የፈተሉት ነው፤ ጥጡ በተፈጥሮው ወደ ቅቤ ያደላል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ጨርቁ በሩቅ ነጭ ነው፤ በቅርብ ሁለት ነጭ አለው። እኔ የቅቤውን ነጭ "ፍጹም ነጭ ሁን" ብዬ ስላዘዝኩት ሌላው ሁሉ ወደ ሰማያዊ ሸሸ።

አሁን በየቀኑ መጀመሪያ ላይ አንዲት ግራጫ ካርድ ድሩ ላይ አስቀምጬ አነሳለሁ፤ ሚዛኑን ከእሷ እወስዳለሁ። ፎቶ አልቋል የምለውም በአዲስ መለኪያ ነው፦ ሁለቱ ነጮች ተለይተው ይታያሉ ወይ? የማይታዩ ከሆነ ወይ ብርሃን አብዝቻለሁ፣ ወይ ንፅፅሩን አጥብቄያለሁ፣ ወይ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ታኅሣሥ 10

አምፖሉ። ጋሼ ከመሸ በኋላ የሚሠሩበት አንድ አምፖል ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል። ቀን ላይ ሲበራ የአንድ ፊት ግማሽ በበሩ ብርሃን፣ ግማሹ በአምፖሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሁለት ሌሊት ታገልኩ። ጥቁርና ነጭ ላድርገው ብዬም ሞከርኩ፤ ሁሉም ችግር በአንድ ጊዜ ተፈታ፤ ጥለቱም አብሮ ሞተ። ተውኩት። መፍትሔው ሰዓቱን መቀየር ሆነ፦ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት አምፖሉ አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ውጭ ያለውን ሰዓት ለወሬ እተወዋለሁ።

ታኅሣሥ 15

የዛሬው ከባድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሰርግ ፎቶ ቤት ውስጥ በረዳትነት ስሠራ የተማርኩት ልማድ አለ፦ የብርቱካን ቀለምን ብሩህነት ሠላሳ መጨመር። የቆዳችን ቀለም በአብዛኛው በብርቱካን ውስጥ ስለሚወድቅ ሙሽሪት ባንድ ጊዜ ቀላ ትላለች፤ ደንበኛውም ይደሰታል። እጄ ሳላስበው ወደዚያው ሄዶ የእማማን ፊት አፈካሁት። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ፤ የተቀመጡት ሴት እማማ አይደሉም።

ይህ ነገር ከእኛ አልጀመረም። በፊልም ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት "ሸርሊ" በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ልክ ከመጣ ሥራው ልክ ነው ይባል ነበር፤ ጠይም ፊት ለአስርት ዓመታት እንዲሁ እንደ ጥላ ሲታተም ኖረ። ያ ካርድ ዛሬ የለም፤ የእኔ "ሠላሳ ጨምር" ግን የዚያው ዘር ነው።

ብርቱካንን ዜሮ ላይ መለስኩ። ፊታቸውን ያነሳሁት በሌላ መንገድ ነው፦ ፊታቸው ላይ ብቻ ጭምብል ሠርቼ ብርሃኑን ከግማሽ ስቶፕ ትንሽ በላይ ጨመርኩ፤ የቀለሙን ጥልቀት አልነካሁም። ቆዳን የሚያሻክረውንም፣ የሚያለሰልሰውንም መሣሪያ ተውኩ። ጉንጫቸው ላይ ያለው የበሩ ብርሃን ነጸብራቅ ይበቃል። ጠይም ቆዳ ብርሃንን የሚያሳየው በነጸብራቅ ነው፤ ያንን ካልገደልኩት ፊቱ ራሱ ይናገራል።

ታኅሣሥ 19

ስድስት ፎቶ ለሙከራ አሳተምኩ፤ ሁሉም ጨለሙ። የፎቶ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ስክሪን ብሩህነቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። በዚያ ብርሃን ላይ በቂ የመሰለኝ ወረቀት ላይ አይበቃም። ስክሪኑን ወደ ሲሶው አወረድኩት፤ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ይዤ እስኪመሳሰሉ። ዓይኔም አረፈ።

በአንደኛው ግድግዳ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ጋቢው ላይ ያርፋል። ሙሉ በሙሉ ላጥፋው አልኩና ግማሹን ብቻ ቀነስኩ። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፤ ጋቢው እዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የሚታየው።

ታኅሣሥ 26

ለገናና ለጥምቀት የታዘዘው ሥራ ተከምሯል። ጋሼ ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው። ካሜራውን ዛሬ አላወጣሁም፤ ለእማማ ጥጥ ስባዝት ዋልኩ።

ጥር 11

ጃን ሜዳ። ጓደኛዬ 85 ኤፍ 1.8 አውሶኝ ነበር፤ በእኔ ካሜራ ላይ እንደ 127 ያያል። ውብ ሌንስ ነው። ከአራት ሜትር ላይ ሆኜ በሕዝቡ መሃል አንዲት አሮጊት አነሳሁ፤ ነጠላቸው ላይ ፀሐይ አርፏል፤ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ቀልጧል። ማታ ግን ከ85ቱ የወጡትን በተርታ ሳያቸው በአንዳቸውም ውስጥ ሰው እኔን አያየኝም። ሰርቄ የወሰድኩት ይመስለኛል። በ35ቱ ያነሳኋቸው ውስጥ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ፣ ልጃቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። 85ቱን መልሼዋለሁ። የአሮጊቷን ፎቶ ግን ከሃያው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ጥሩ ስለሆነ መተው አልቻልኩም።

ፀሐዩ ከአናት በላይ ስለነበር ከአራት ሰዓት በኋላ ፊት ሁሉ በነጠላው ጥላ ሥር ገባ። ፊታቸውን ወደ ተነጠፈው ብሩህ መሬት ያዞሩት ሰዎች ጋር ብቻ ሠራሁ፤ ከታች የሚመለሰው ብርሃን ፊትን ያነሳል። ሁሉም ነጭ ለብሶ ስለነበር እዚህም አንድ ስቶፕ ጨምሬያለሁ።

ጥር 24

መቶ አርባውን በአሥር በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አሳትሜ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ለሦስት ቀን በላያቸው ተመላለስኩ። ስክሪን ላይ ያላየሁት ነገር ታየኝ፤ ደጋግሜ የምመርጣቸው ከፍሬሙ ሲሶ የሚሆነው ጨለማ የሆነባቸው ናቸው፤ ጉድጓዱ፣ ማዕዘኑ፣ የበሩ ጀርባ። ጥላውን ሳፈካባቸው የነበሩት ሁሉ ወደ ዳር ሄዱ። ስለዚህ የቶን መስመሩን፣ የጨለማውንና የብርሃኑን ደረጃ የሚወስነውን፣ ከታች በኩል ጨለማውን እንዲይዝ፣ ከመካከሉ ጥቂት ከፍ እንዲል፣ ከላይ በኩል ነጩ ሳይደርስ ለስለስ ብሎ እንዲታጠፍ አድርጌ ሠራሁት። ቀለም ላይ ምንም የለበትም። "ሽሮ ሜዳ" ብዬ አስቀመጥኩት። ሃያው ላይ ስጭነው ከሃያው አሥራ ሰባቱ ሌላ ብዙ ነገር አልጠየቁኝም።

የካቲት 5

ሃያውን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ሥራ ፈትተው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ በአንድ አዩ። ጥለቱን ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያነሳሁበት ላይ ሲደርሱ ከሳጥን ውስጥ የተረፈ አረንጓዴ ክር አወጡና ፎቶው ላይ ጋደም አደረጉት። ክሩ ወረቀቱ ላይ ጠፋ፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ነው የት እንዳለ የታየኝ።

ከሃያው የፈለጉትን እንዲመርጡ ነገርኳቸው። የራሳቸውን ፊት ይወስዳሉ ብዬ ነበር፤ እሱን ለእማማ ሰጧቸውና ጥለቱን ለራሳቸው ያዙት። ላስቲክ ውስጥ ከተው ግድግዳው ላይ ሊሰቅሉት ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ "ይህን ቀለም" ብሎ እንዲያሳያቸው።

50ውን ለአጎቴ ልጅ መለስኩለት፤ የእሱ ካሜራ ሞተር አለው። በሚቀጥለው ሳምንት እማማ ጥጡን ውጭ ፀሐይ ላይ ሊያሰጡት ነው፤ ግራጫዋን ካርድ ይዤ በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ።